የቲም ልጅ በእጁ ይዞ የሚማረው ዕውቀት

 

የተከበራችሁ ለጋሾችና የቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች፤ በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ወርኃዊ ድጎማ፣ ስለ ዩኒፎርምና ደብተር፣ ስለ ዒድ ልብስ ነው። ዛሬ ግን ከእናንተ መካከል አንዳንዶች ደጋግማችሁ ላቀረባችሁልን ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። «በመጋላ፣ በመድረሳው ግቢ፣ በእረፍት ቀናት ሕፃናቱን ሰብስባችሁ በካርቶን፣ በአሸዋና በእጅ ባትሪ የምትሠሩት ነገር ምንድን ነው? ለየቲም ከሚሰጥ ሰደቃ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?» ብላችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የየቲም ገንዘብ አማና ነው፤ አማና የተረከበ ሰውም ሲጠየቅ ሊከፋው አይገባም።

ልጁ የሚያጣው እንጀራ ብቻ አይደለም

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከተማችን ያደገችው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ዙሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህም የብዙዎቻችን አባቶች የብረትና የመፍቻ ሰዎች ነበሩ። አባት ያለው ልጅ አባቱ ራዲዮ ሲፈታ አጠገቡ ተቀምጦ ባትሪ ያበራል፤ ብስክሌት ሲጠገን መፍቻ ያቀብላል፤ «ይህ ለምን ይዞራል?» ብሎ ይጠይቃል። ማንም «ሳይንስ ተማር» ሳይለው ብዙ ነገር በእጁ ይገባል። አባቱ በሕፃንነቱ የሞተበት ልጅ ግን ይህን አጋጣሚ አያገኝም። ስንዴውን፣ ዘይቱንና የትምህርት ቤት ወጪውን እኛና እናንተ ልንሸፍንለት እንችላለን። አጠገቡ ተቀምጦ ዕቃ የሚፈታለትን ሰው ግን የሚተካለት ወርኃዊ ድጎማ የለም።

በትምህርት ቤትም ቢሆን ክፍተቱ ሁልጊዜ አይሞላም። እኛ ራሳችን በሁለተኛ ደረጃ ስንማር ሌንስ በእጃችን ሳንነካ ስለ ሌንስ ተፈትነን አልፈናል። ሥዕሉን ከሰሌዳ ገልብጠናል፣ ትርጓሜውን ሸምድደናል፤ ብርሃን ሲታጠፍ ግን አላየንም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በሀገራችን ልዩ ልዩ ጥረቶች ተደርገዋል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ወጣቶችን ከሥነ ፈለክ ጋር ሲያስተዋውቅ ቆይቷል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። ይሁን እንጂ የመጋላ ልጅ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ልጁን ወደ ዕውቀቱ መውሰድ ባንችል ዕውቀቱን ወደ ሰፈሩ ማምጣት ይኖርብናል። የተግባር የሳይንስ ቀን የምንለውም ይህንኑ ነው፤ ልጆች በሰፈራቸው ተሰብስበው፣ በቀላል ዕቃ፣ በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ አይተውና ጠይቀው የሚማሩበት ቀን ነው።

ከጨለማ ክፍል የተገኘ ብርሃን

የመጀመሪያው ሥራችን የብርሃን ነበር። ለዚህ መምህር ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገንም። በ10ኛውና በ11ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው፣ በበስራ ተወልዶ በካይሮ ያረፈው ኢብን አል-ሀይሠም «ኪታብ አል-መናዚር» በተሰኘው ሥራው ማየት የሚቻለው ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይን ሲገባ እንደሆነ አስረድቷል። ከእርሱ አስቀድሞ ከዓይን የሚወጣ ጨረር ነው የሚያሳየን የሚሉ ነበሩ። እርሱ ግን ነገሩን በክርክር ብቻ አልተወውም፤ መብራቶችን ደርድሮ፣ ጨለማ ክፍል አዘጋጅቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ ፈተነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የብርሃን ዓመት ብሎ በሰየመው በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለም ይህን ሊቅ በክብር አስታውሶታል።

ልጆቻችንም ያንኑ ፈተና ደገሙት። የአንዱን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈንን። በመካከሉ መርፌ የወጋው ካርቶን አቆምን፤ ከካርቶኑ ወዲያ ሦስት የእጅ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተደረደሩ። ከወዲህ ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንድ ልጅ በቀኝ በኩል ያለውን ባትሪ በእጁ ሲከልል የጠፋው በግራ በኩል ያለው ነጥብ ሆነ። ልጆቹ ተሳሳትን ብለው ደጋግመው ሞከሩት፤ ሁልጊዜም እንዲያው ሆነ። ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ፣ በቀዳዳው ላይም ጨረሮቹ ሳይደባለቁ እንደሚተላለፉ እኛ ሳንነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት። ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ ከጫማ ካርቶን የራሱን ሳጥን ሠራ። በአንዱ ጫፍ ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፍ ዘይት የተቀባ ስስ ወረቀት አደረገ፤ ሻሽ ተከናንቦ ወደ መስጊዱ ሲያነጣጥረው ሚናራው በወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ታየው።

ስሕተታችንንም መናገር ይገባናል። በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑን የያዝነው እኛ ነበርን፤ ለረጅም ጊዜ አስረዳን፤ ልጆቹም አዛጉ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሳጥኑን ለእነርሱ ሰጥተን ዝም አልን። ልዩነቱ የሚያስደንቅ ነበር።

ግርዶሽና ነቢያችን

ከዚህ ሳጥን የሚገኝ ሌላም ጥቅም አለ። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በሀገራችን ባለፈ ጊዜ በላሊበላና በአካባቢው ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታይታለች። ያ ቀን የሸዋል ወር 29ኛው ቀን ነበር። የፀሐይ ግርዶሽ ሁልጊዜም በጨረቃ ወር መጨረሻ ይሆናል፤ ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል የምትገባው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። በሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይኖራል። በመካ ፀሐይ ከአምስት ደቂቃ ለሚበልጥ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፤ በድሬዳዋም ሰማዩ ከጠራ አብዛኛው ክፍሏ ተሸፍኖ ይታያል።

በሒጅራ 10ኛው ዓመት ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ ሰዎች «ለእርሱ ሞት ነው» ማለታቸውን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተምረው ወደ ሰላት መምራታቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ራሳቸው የቲም ሆነው ያደጉ አባት፣ ልጃቸውን በቀበሩበት ቀን እንኳ የተሳሳተ ግምት እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ይህን ለልጆቻችን ስንነግራቸው አንዱ «ታዲያ አባቴ የሞተ ቀን የታየው ነገር ሁሉ በእርሱ ምክንያት አይደለም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም ብለን መለስንለት። ልጁ ይህን ጥያቄ ምን ያህል ዘመን ተሸክሞት እንደኖረ አላህ ያውቃል።

እዚህ ላይ ቤተሰቦችን አጥብቀን የምናስጠነቅቀው አለ። ማንም ልጅ በዓይኑም ሆነ በቀዳዳው በኩል ወደ ፀሐይ ማየት የለበትም፤ ብሌን የሚጎዳው ሕመም ሳይሰማ ነው። ልጁ ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ፤ በቀዳዳው አልፎ በወረቀት ላይ የሚያርፈውን ምስል ብቻ ይመልከት።

ደቻቱ ለምን በሌሊት መጣ?

ሁለተኛው ሥራችን የውኃ ነበር። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። በሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ግን ሞልቶ መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን እንደወሰደ የከተማችን ሰው አይረሳም። ከተማችን የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን በደቡባችን ያሉት የሐረርጌ ተራሮች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። በእነርሱ ላይ የወረደ ዝናብ በቁልቁለቱ ተንደርድሮ በአጭር ጊዜ ይደርስብናል። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ጎርፍ ሊመጣ የሚችለው ለዚህ ነው።

ልጆቹ በሁለት ሳፋዎች ላይ ሁለት የአፈር ተራሮች ሠሩ። አንዱን በሣርና በጆንያ ሸፈኑት፣ ሌላውን ራቁቱን ተዉት። በክዳናቸው ላይ ቀዳዳ በተበጀላቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች እኩል ውኃ አዘነቡባቸው። ከራቁቱ ተራራ ውኃው ፈጥኖ፣ ደፍርሶ፣ አፈሩን ይዞ ወረደ፤ ከተሸፈነው ግን ጥቂት ጥቂት እያለ ወጣ። ልጃገረዶቹ የወረደውን ውኃ በብርጭቆ ለክተው፣ ጊዜውን በሰዓት ቆጥረው ጻፉ። በመለካት ከሁሉም የተሻሉት እነርሱ ነበሩ።

የልጅ ልጃቸውን ለመውሰድ የመጡ አንዲት አሳዳጊ እናት ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ኡስታዝ፣ እስቲ እኔም ላፍስስ» አሉ። አፈሰሱ። ከዚያም በዚያ ሌሊት ወንድማቸው እንደተወሰደባቸው ነገሩን። «እኛ ደጃችን ላይ ብዙ ሳይዘንብ ከየት መጣ እያልሁ ስንት ዓመት ኖርሁ። ብናውቅ ኖሮ ልጆቹን ይዘን ወደ ላይ እንወጣ ነበር» አሉ። እኛም «እናታችን፣ የሆነው በአላህ ቀደር ነው፤ እርስዎ ያጠፉት የለም። የልጅ ልጅዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ያውቃል» አልናቸው። ልጁም ወዲያው ደጋው ሲጠቁር ከአሸዋው እንደሚወጣ፣ ታናናሾቹንም እንደሚያወጣ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ሥራ ጨዋታ ነው የሚል ሰው ሲገጥመን የምንነግረው ይህን ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ

ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ለየቲሞች ቀለብና ትምህርት ከሰጣችሁት ገንዘብ ለዚህ ሥራ አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ አይወጣምም። ካርቶኑ ከቀፊራ ነጋዴዎች፣ ጠርሙሱ ከየቤቱ፣ አሸዋው ከደቻቱ የመጣ ነው። ባትሪዎቹንና የልጆቹን ብስኩት ለዚሁ ብለው የሰጡ ሰዎች አሉ። የሰጪው ኒያ የተለየ ከሆነ ገንዘቡም ተለይቶ ይያዛል።

ሁለተኛም፣ «የቲሞች ለብቻ» ብለን አንሰበስብም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይመጣል፤ ማን አባት እንዳለውና እንደሌለው አይጠየቅም። ፎቶግራፍ አንሥተን ለማሳያ አናውልም። ለልጁ የምንሰጠው ዕውቀት ክብሩን የሚነካ ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

ከእናንተ የምንፈልገው

በዚህ ጉዳይ ከገንዘባችሁ ይልቅ ሰዓታችሁን እንለምናለን። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጣችሁ አባቶች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ነርሶች፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ የምትሠሩበትን ዕቃ አሳዩአቸው፤ ይንኩት፣ ይፍቱት፣ መልሰው ይግጠሙት። አሳዳጊ ቤተሰቦችም ልጁ «ለምን?» ሲል አትቆጡት። መልሱን ባታውቁት «አላውቅም፣ አብረን እንየው» ማለት ነውር የለውም። የተበላሸ ራዲዮ ካላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ለልጁ ስጡት፤ ከኤሌክትሪክ መነቀሉን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የየቲም ራስ መዳበስ ትልቅ ምንዳ እንዳለው ሁላችንም እናምናለን። ያንኑ እጅ ዘርግቶ መፍቻ ማስጨበጥም የዚያው ርኅራኄ ክፍል ነው እንላለን። አላህ መልካም ሥራችሁን ይቀበላችሁ፤ ልጆቻችንንም ለራሳቸውና ለወገናቸው የሚጠቅሙ ያድርጋቸው። አሚን።