በመቃብር ስፍራ የሚፈታ እንቆቅልሽ

የተሰወረን ነገር ፈልጎ ማግኘት ሰውን ከሕፃንነቱ እስከ እርጅናው የሚያስደስት ነገር ነው። ልጆች ምሽት ላይ እሳት ከበው «እንቆቅልህ» ሲባባሉ፥ መልሱን ያጣው አገር ሰጥቶ እስኪገላገል ድረስ የሚጨነቀው ስለዚሁ ነው። በዘመናችን ደግሞ ይህን የመሰለ አንድ ጨዋታ አባትና እናትን ከነልጆቻቸው ከቤት አውጥቶ በጫካ፥ በተራራና በቆዩ የገጠር መቃብሮች መካከል ያዞራቸዋል። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። «ጂኦ» ከግሪክ የመጣ ሆኖ ምድር ማለት ነው፤ «ካሽ» ደግሞ ሸሽጎ ማስቀመጥን የሚያመለክት የፈረንሳይ ቃል ነው።

ይህ ጨዋታ በመቃብር ስፍራ ሲደረግ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ሙታን ባረፉበት ቦታ መጫወት ይገባልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጨዋታውን አሠራር ገልጾ ለዚሁ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

የጨዋታው አጀማመር እንደሚከተለው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያመጠቃቸው ሳተላይቶች አንድ ሰው በምድር ላይ የቆመበትን ስፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ለማወቅ የሚያስችለውን ምልክት ይልካሉ። ይሁን እንጂ ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ለወታደራዊ ጥንቃቄ ሲባል ሆን ተብሎ ይዛባ ስለ ነበረ፥ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ ማዛባት እንዲቀር በሜይ 1 ቀን 2000 አስታወቁ። ወዲያውም በሜይ 3 ቀን ዴቭ አልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሬገን ጫካ ውስጥ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ሸሽጎ፥ የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት ገለጸ። ባልዲው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ፥ የተሸሸጉት ሣጥኖች ቁጥር ከ3 ሚልዮን በላይ ሆኖአል። ሣጥኑን ያገኘ ሰው በውስጡ በሚገኘው መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያም ሣጥኑን እንደ ነበረ ወደ ስፍራው ይመልሳል። ከውስጡ ትንሽ ዕቃ የወሰደ እንደ ሆነም በዋጋ የሚተካከለውን ወይም የሚበልጠውን ይተካል።

ከጨዋታው ዓይነቶች አንዱ በእንቆቅልሽ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ዓይነት ጊዜ ሣጥኑ ያለበት ቁጥር በግልጥ አይሰጥም፤ ፈላጊው ራሱ አስልቶ ሊደርስበት ይገባል። ለዚህም የቆየ የገጠር መቃብር እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም በየሐውልቱ ላይ የልደትና የሞት ዓመት፥ የዕድሜ ልክና የፊደል ቁጥር ይገኛልና። በመቃብሩ ውስጥ ግን ምንም ዓይነት ዕቃ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ሠሪው ከድንጋዮቹ ጥያቄ ብቻ ያወጣል፤ ሣጥኑንም ከአጥሩ ውጭ በሌላ ስፍራ ሊያኖረው ይችላል።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ በካናዳ አገር፥ በኦንታርዮ፥ ክሮስሂል በምትባል መንደር አጠገብ ያለውን የረሽስ መቃብር እንመልከት። በዚያ ስፍራ ሳሙኤል ቢን የተባለ ሐኪም ለሁለት ሚስቶቹ ያቆመው አንድ ሐውልት አለ። በድንጋዩ ላይ 15 መስመር የሆነ፥ በየመስመሩም 15 ምልክት ያለበት የፊደልና የቁጥር ሠንጠረዥ ተቀርጿል። በተራ ለሚያነብ ሰው ምንም ትርጉም አይሰጥም። ንባቡ ከሠንጠረዡ መካከል አካባቢ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ውጭ የሚሄድ ነውና። ሐውልቱ ከቆመ ሰማንያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የመቃብሩ ጠባቂ በ1947 እንደ ፈታው ይነገራል። ያረጀው ድንጋይም በኋላ በአምሳያው ተተክቶአል።

ምስጢሩ ሲገለጥ የተገኘው ነገር ወርቅ ያለበትን ስፍራ የሚጠቁም ሳይሆን የአንድ ሰው ኀዘን ነበረ። የመጀመሪያይቱ ሚስቱ ሔንሪዬታ በሴፕቴምበር 27 ቀን 1865 በ23 ዓመትዋ አረፈች፤ ሁለተኛይቱ ሱዛና ደግሞ በኤፕሪል 27 ቀን 1867 በ26 ዓመትዋ ተከተለቻት። ሐኪሙም ከእነርሱ የተሻሉ ሚስቶች ያገኘ ሰው አለመኖሩን መስክሮ፥ በሰማይ ያገኛቸው ዘንድ እግዚአብሔርን ለምኖአል። በዚያው ዘመን ያረፉ አያሌ ሰዎች ስማቸው ሲረሳ፥ የእነዚህ ሁለት ወጣት ሴቶች ስም እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው እንቆቅልሹን ሊፈታ የመጣ ሁሉ በድንጋዩ ፊት ቆሞ ስለሚያነበው ነው።

አንድ ጨዋታ ሠሪ ከነዚህ ዓመታት ጥያቄ ቢያወጣ ስሌቱ እንደዚህ ሊሆን ይችላል። የ1867 አሃዞች ሲደመሩ 22 ይሆናሉ፤ የ1865 ደግሞ 20። 20 ከ22 ሲቀነስ 2 ይቀራል፤ ይህም ከኬክሮሱ ቁጥር የጎደለው አሃዝ ነው። በኬክሮስ አንዱ ደቂቃ 1852 ሜትር ነው። ቁጥሩ እስከ ደቂቃው ሺኛ ድረስ ስለሚሰጥ፥ በመጨረሻው አሃዝ በ1 የተሳሳተ ሰው ከ2 ሜትር በላይ አይርቅም፤ ከነጥቡ ቀጥሎ ባለው አሃዝ በ1 የተሳሳተ ግን ወደ 185 ሜትር ያህል ይስታል። ስለዚህ ማስተዋል የጎደለው ችኩል ሰው በሌላ ሰው እርሻ ውስጥ ሲባዝን ሊውል ይችላል።

የአማርኛ ቋንቋ ተማሪ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ይኸው 1867 በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ፲፰፻፷፯ ይሆናል፤ ይኸውም ዐሥር፥ ስምንት፥ መቶ፥ ስድሳና ሰባት ነው። ምልክቶቹ በየራሳቸው ቢደመሩ ድምሩ 185 እንጂ 22 አይሆንም። እንግዲህ በግዕዝ አኃዝ በተጻፈ ሐውልት ላይ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የአደማመሩን ሥርዓት አስቀድሞ መግለጽ አለበት።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በ2005 በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይና ክፍለ ግዛት፥ ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር በመቃብርና በታሪካዊ ስፍራዎች ይህን ጨዋታ መጫወት የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተቀብሎት ሲያልፍ፥ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ለመቃብር የሚቆረቆሩት ወገኖች ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ የወዳጁን መቃብር ሊጎበኝ የመጣ ኀዘንተኛ፥ ሣጥን የሚፈልግ ሰው በሐውልቱ ዙሪያ ሲያነፈንፍ ቢያገኘው ልቡ ይቆስላል። ተጫዋቾቹም በበኩላቸው፥ የሚጎበኘው ያጣው የገጠር መቃብር በእኛ ምክንያት ጎብኚ አገኘ ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ልዩነቱን የሚወስነው ግን የጎብኚው ጠባይ ነው።

እንግዲህ ጠባዩ እንዴት ሊሆን ይገባል? አንደኛ፥ የስፍራውን ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ የጨዋታው ራሱ ደንብ ነው፤ መሬት ቆፍሮ ሣጥን መቅበርም ክልክል ነው። ሁለተኛ፥ የቀብር ሥነ ሥርዓት በሚፈጸምበት ጊዜ ጨዋታውን ትቶ ራቅ ማለት ይገባል። ሦስተኛ፥ የደበዘዘ ጽሑፍ ለማንበብ ብለው ድንጋዩን በጠመኔ የሚቀቡ፥ በሽቦ ብሩሽ የሚፍቁ ወይም የጢም መላጫ አረፋ የሚለቀልቁ ሰዎች አሉ። ይህ ድርጊት እብነ በረድንና የአሸዋ ድንጋይን ያበላሻል። ከዚህ ይልቅ በመስታወት የፀሐይን ብርሃን ከጐን በኩል በድንጋዩ ላይ ቢያሳርፉት የፊደሉ ጥላ ይወጣና ጽሑፉ ሊነበብ ይችላል።

ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው ሲሄዱ ቁጥሩን ብቻ እንዲለቅሙ አያሰናብቱአቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት በቆሙት የሰሜን አሜሪካ ሐውልቶች ላይ የተቀረጸ የበግ ግልገል ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ሕፃን ማረፉን ያመለክታል፤ ያዘነበለ የአኻያ ዛፍ የኀዘን ምልክት ነው፤ ወደ ላይ የምታመለክት ጣት ደግሞ የሰማይ ተስፋን ትገልጻለች። ልጅ ይህን ሲያውቅ፥ የሚደምረው ዓመት የአንድ ሰው ዕድሜ መሆኑን ይረዳል።

በመቃብር መካከል መጫወት ነውር የሚሆነው ሙታን ተረስተው ሣጥኑ ብቻ ሲፈለግ ነው። ፈቃድ ጠይቆ የገባ፥ ድንጋዩን ያልነካ፥ ስሙንም አስተውሎ ያነበበ ሰው ግን ሙታንን አልደፈረም፤ ሐውልቱን ያቆሙት ቤተ ሰቦች የተመኙትን ፈጸመ እንጂ። ሐውልት የሚቆመው እንዲነበብ ነውና።