ጉድጓዱ አለት ሲያጋጥመው ውሉ ምን ይላል?

በአሶሳና በአካባቢው ዝናቡ ግንቦት ገብቶ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ የገጠር ግንባታ የሚከናወነው በአመዛኙ በቀሩት የበጋ ወራት ነው። የመማሪያ ክፍልም ይሁን ጤና ኬላ፣ የእጅ ፓምፕ የሚተከልበት ጉድጓድም ይሁን የመስኖ ቦይ፣ ሲሚንቶውና ብረቱ የጥርጊያው መንገድ ሳይጨቀይ ከሥራው ቦታ መድረስ አለበት። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በመሆኑም በመጋቢት ወር የሚነሳ የአንድ ወር ክርክር ለገበሬው የአንድ ወር ሳይሆን የአንድ ዓመት መዘግየት ሊሆንበት ይችላል።

እንዲህ ያለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ውሉ ሲፈረም ባልታሰበ ነገር ነው። በዚህ አካባቢ ቀዩ አፈር ከሥሩ ያለውን አለት ሸፍኖት ይገኛል። ወርቅና እምነ በረድ የሚወጣበት ይኸው ጥንታዊ አለት በአንዱ ቦታ ጠልቆ፣ በሌላው ቦታ ቀርቦ ስለሚገኝ፣ 15 ሜትር በአፈር ይቆፈራል ተብሎ የተገመተው ጉድጓድ 9 ሜትር ላይ ሲደርስ ዶማ የማይበግረው ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ለትምህርት ቤት የተመረጠው ቦታ ውሃ የሚያቁር ሆኖ ሲገኝ መሠረቱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ የመንገዱ ቱቦ ጎርፉን የማይችል ሲሆን በሰፊ ይተካል። በውሉ ውስጥ ያልነበረ ሥራ ሲጨመር፣ የነበረው ሲቀነስ፣ ወይም ዓይነቱና ቦታው ሲለወጥ አሠሪው ወገን ለሥራ ተቋራጩ የሚሰጠው ትእዛዝ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ይባላል። ተቋራጮች «ቫሪዬሽን» ይሉታል።

ለውጡ በራሱ ነውር አይደለም። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል በደነገገበት ክፍል፣ የሕዝብ ጥቅም ሲያስገድድ መሥሪያ ቤቱ ውሉን ሊያሻሽል እንደሚችል አስቀድሞ አስቦበታል። ጥፋቱ የሚመጣው ሥራው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስለ ዋጋው መነጋገር ሲጀመር ነው። ያን ጊዜ አለቱ በኮንክሪት ቀለበት ተሸፍኗል፤ መሠረቱም በአፈር ተሞልቷል። ማን እንዳዘዘ የሚያውቅ ይጠፋል፣ ስንት ሜትር እንደተቆፈረም የሚመሰክር አይገኝም።

እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ቀበሌ ከተባለም ወዲህ በብዙ ሰው አፍ ገበሬ ማኅበር መባሉ ያልቀረው የአስተዳደር እርከን፣ ለሥራው ቦታ ከሁሉም የቀረበ ነው። መሐንዲሱ በወር አንድ ጊዜ ሲመጣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን በየቀኑ ያልፋል። ከለታት አንድ ቀን ቆም ብሎ «ይህን አጥር እስከ ዋርካው ድረስ ብትገፉልን ምን አለበት?» ይላል። ፎርማኑም በአክብሮት «ይሁን አባቴ፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ሠራተኛውን ያሰማራል። ከሦስት ወር በኋላ የ20 ሜትር አጥር ሒሳብ ይቀርባል። መሥሪያ ቤቱ አላዘዝኩም ይላል፤ ተቋራጩ በአገሬው ሰው ትእዛዝ ሠራሁ ይላል፤ ክፍያው ሲጓተት ጣሪያው ሳይመታ ሠራተኛው ይበተናል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ሊቀ መንበሩ ለበጎ ብሎ የተናገረው ቃል ልጆቹን አንድ ክረምት ከዛፍ ሥር ያስቀምጣል።

ስለዚህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት አሠሪው ማን እንደሆነ ነው። ውሉን የፈረመው የክልሉ ቢሮ ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከሆነ፣ ለውጥ ማዘዝ የሚችለው እርሱ ወይም በውሉ ሥልጣን የተሰጠው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ብቻ ነው። የማኅበሩ መሪ ድርሻ ችግሩን አይቶ በደብዳቤ ማመልከትና የደብዳቤውን ቅጂ መያዝ ነው። ኮሚቴው ራሱ ተዋዋይ የሚሆንበትም አሠራር አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተጀመረውና ኋላ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም የገባው በኅብረተሰብ የሚመራ የውሃ ግንባታ ሥራ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ አሠራር በነዋሪው የተመረጠ የውሃ ኮሚቴ ገንዘቡን በአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ይቀበላል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ከጉድጓድ ቆፋሪና ከግንበኛ ጋር ይዋዋላል፤ የወረዳው ባለሙያዎች ደግሞ ይደግፉታል፣ ይቆጣጠሩታል። እዚህ ዘንድ ለውጡን የሚፈርመው ኮሚቴው ስለሆነ ሒሳቡንም ማወቅ ግድ ይለዋል።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ጉድጓዱ 15 ሜትር፣ የአንዱ ሜትር የአፈር ቁፋሮ ዋጋ 1,000 ብር፣ ጠቅላላው 15,000 ብር ነው እንበል። 9 ሜትር ላይ አለት ወጣ። ተነጋግረው የአለቱን ቁፋሮ በሜትር 2,500 ብር ተስማሙ። ቀሪው 6 ሜትር 15,000 ብር ይሆናል። ቆፋሪው «የአለቱን 15,000 ጨምሩልኝ» ሲል ብዙ ኮሚቴ ይጨምራል፤ ድምሩም 30,000 ይደርሳል። ሆኖም የእነዚያ 6 ሜትሮች የአፈር ዋጋ 6,000 ብር በፊተኛው ውል ውስጥ አለ። ያ መቀነስ አለበት። ትክክለኛው ሒሳብ በአፈር ለተቆፈረው 9,000፣ በአለት ለተቆፈረው 15,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ነው። ጭማሪው 9,000 እንጂ 15,000 አይደለም። ይህ ስሕተት በጉድጓድ ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ሳር ክዳን በቆርቆሮ፣ የእንጨት በር በብረት ሲተካም የፊተኛው ዋጋ እንዳይቀነስ ይረሳል።

አለቱ የተቆፈረበት ልክ የሚታወቀው ደግሞ ሳይሸፈን ሲለካ ነው። ቆፋሪው አለት አገኘሁ ባለ ዕለት ኮሚቴው፣ ቆፋሪውና የወረዳው ባለሙያ በአንድነት ጥልቀቱን ለክተው፣ በሥራ ቦታው መዝገብ ጽፈው ሦስቱም ይፈርማሉ። ዛሬ በየሰው እጅ ስልክ ስላለ የመለኪያው ገመድ አብሮ የሚታይበት ፎቶግራፍ ማንሳት አይከብድም። ዋጋው በውሉ ካልተገኘ ለተመሳሳይ ሥራ የተሰጠው ዋጋ መነሻ ይሆናል፤ እርሱም ከሌለ የሠራተኛው ቀን፣ የዕቃውና የመሣሪያው ወጪ በየዕለቱ ተመዝግቦ ይሰላል። በጀቱ መኖሩ ሳይረጋገጥ ግን ትእዛዙ አይፈረምም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም አሠራሩ ከዚህ አይርቅም። ፊዲክ የተባለው የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን በ1987 እ. ኤ. አ. ባሳተመው የውል ደንብ፣ መሐንዲሱ በቃል ያዘዘውን ተቋራጩ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጦ እንዲልክለት ይፈቅዳል፤ መሐንዲሱ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ትእዛዙ እንደ ጸና ይቆጠራል። ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

የለውጥ ነገር በትልቁ የታየውም እዚሁ ክልል ውስጥ፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ሲጣል የሚያመነጨው ኃይል 5,250 ሜጋ ዋት እንደሚሆን ተነግሮ ነበር። ኋላ 6,000፣ በ2009 ዓ. ም. ደግሞ 6,450 ሜጋ ዋት ተባለ። በመጨረሻ የተርባይኖቹ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ዝቅ ብሎ 5,150 ሜጋ ዋት ሆነ። ተርባይን ሲጨመርም ሲቀነስም የውሃ ማስተላለፊያው ቧንቧ፣ ጄኔሬተሩና ትራንስፎርመሩ አብረው ስለሚነኩ እያንዳንዱ ቁጥር በውል ላይ ክብደት አለው።

የግድቡ የሲቪል ሥራ በጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ፣ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተይዞ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ. ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥራው ከኮርፖሬሽኑ እንደሚወሰድ ሲያስታውቁ፣ የአንዱ መዘግየት ሌላውን ተቋራጭ ካሳ እስከ መጠየቅ እንዳደረሰውም ገልጸዋል። ግድቡ የተመረቀው ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ነው። ቦንድ የገዛው ገበሬ ይህን ታሪክ ከሩቅ አልሰማውም፤ ከራሱ ቀበሌ ጉድጓድ ጋር ያለው ልዩነትም የመጠን እንጂ የዓይነት አይደለም። አንዱ ቆፋሪ ሲዘገይ ቀለበት የሚያወርደው ግንበኛ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ የቀኑንም ሒሳብ ይጠይቃል።

ከግድቡ የሚወሰድ ሌላም ነገር አለ፤ የተቀነሰ ሥራም ለውጥ ነው። ለትምህርት ቤቱ ታስበው የነበሩ አራት መጸዳጃ ክፍሎች ሁለት ብቻ ከተሠሩ የሁለቱ ዋጋ በጽሑፍ ተቀንሶ መታየት አለበት። ተጨማሪው ሲሆን ተቋራጩ ራሱ ያስታውሳል፤ የጎደለውን ግን የሚያስታውስ ካልተገኘ ማንም አይነግርም። በሌላ በኩል፣ ሲሚንቶ በማሳነሱ የፈረሰበትን ግድግዳ መልሶ መገንባት የተቋራጩ ዕዳ እንጂ የሥራ ለውጥ አይደለም። መሠረቱ ከተገመተው ጥቂት ጠልቆ በዚያው አፈር ከተቆፈረም፣ ተለክቶ በፊተኛው ነጠላ ዋጋ ይከፈላል እንጂ አዲስ ዋጋ አይወጣለትም።

የትእዛዙ ወረቀት ከገንዘቡ ሌላ ቀንንም መጻፍ አለበት። ለአለቱ 10 ቀን ይጨመር ከተባለ ርክክቡ በ10 ቀን ይገፋል፤ ያ ቀን ሚያዝያን አልፎ ዝናብ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የፓምፑን ዕቃ አስቀድሞ ማጓጓዝ ወይም ቆፋሪ መጨመር ከዚያው ላይ መወሰን ይኖርበታል። ቁጥር የተሰጠው የእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ቅጂ በወረዳው፣ አንዱ በተቋራጩ፣ አንዱ በማኅበሩ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። በርክክቡ ዕለት ኮሚቴው ውሉንና ትእዛዞቹን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል፣ የመለኪያውን ገመድ ያወርዳል፤ 15 ሜትር ካልደረሰ የመጨረሻው ክፍያ አይፈረምም።