የጠዋት ሰብል፦ ዝኩኒና ዱባ በኒው ካይሮ ጓሮ

ኒው ካይሮ በ2000 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከካይሮ በስተምሥራቅ በረሃ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። የካይሮ አካባቢ የዓመት ዝናብ ከ25 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ አዲስ አበባ ግን በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። አገር ቤት አጥር ሥር ጥቂት ፍሬ ጥሎ ቀሪውን ለክረምቱ የሚተው ሰው እዚህ ልማዱን መቀየር አለበት። ሰማዩ አያግዘውም። ፀሐይ ግን ሞልቷል፣ የዓባይ ውሃም በቧንቧ ጓሮ ድረስ ይመጣል።

አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ውሃም ምግብም አይዝም። ስለዚህ የካይሮ አትክልተኞች «ጠሚ» የሚሉትን ጥቁር አፈር ገዝተው ይደባልቁበታል። ጠሚ ዓባይ ያወረደው ደለል ነው፤ አብዛኛውም ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የመጣ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ግድቡ ጀርባ ስለሚቀር፣ ዛሬ በጆንያ የሚገባው ከዚያ በፊት የተጠራቀመ አፈር ነው። ያገሬ አፈር በሰው አገር ጓሮ ዱባ ሲያበቅል ማየት ልቤን ይነካዋል። ብቻውን ሲሆን ግን ይጠጥራል፤ ከአሸዋውና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ሲዋሐድ ነው የዱባ አፈር የሚሆነው።

ጓሮው ውስጥ የሚተከሉት ዘመዳሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ግብፆች «ኩሳ» የሚሉት ዝኩኒ ነው። «እስክንድራኒ» የሚባለው ያገሬው ዓይነት ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲሆን፣ ሐረግ ሳይዘረጋ ባለበት እንደ ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ለጠባብ ቦታና ለትልቅ ማሰሮ ይመቻል። ሁለተኛው ለወጥ የምንፈልገው ባለ ጠንካራ ቅርፊት ዱባ፣ በካይሮ ገበያ «ቀርዕ ዐሰሊ» የሚባለው ነው። እሱ ሐረጉን ብዙ ሜትር ይሰዳል፤ ቦታ ከሌለ በጠንካራ አጥር ላይ ማሳደግ ይቻላል። ሁለቱም በቀን ቢያንስ የ6 ሰዓት ፀሐይ ይሻሉ። በረጃጅም ግንብ መካከል ጥላ የዋለበት ጓሮ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

የሚዘራው በየካቲት አጋማሽ፣ ብርዱ ሲላላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ኸምሲን የሚባለው አቧራማ ትኩስ ነፋስ ስለሚነሣ ችግኙ ከዚያ በፊት ሥር መያዝ አለበት፤ በነፋሱ ቀን በስስ ጨርቅ መከለልም ይረዳል። ሁለተኛው ወቅት የነሐሴ መጨረሻና መስከረም ነው። በሐምሌ መዝራት ግን ድካም ነው፤ ሙቀቱ ወንዴ አበባ እያበዛ ሴቴውን ያሳንሳል።

ብዙ ጓሮ የሚከሽፈው እዚህ አበባው ላይ ነው። ዱባና ዝኩኒ ወንዴና ሴቴ አበባቸው ለየብቻ ነው፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ እንጭጭ ፍሬ ይዛ ትወጣለች፣ ወንዴው በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ሁለቱም ንጋት ላይ ይከፈታሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ይጨማደዳሉ። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ንብ ካልደረሰች እንጭጩ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ባለቤቱ ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ሥሩም ይበሰብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በማለዳ ወንዴውን ቀጥፎ፣ የአበባውን ቅጠል ገፍፎ፣ ብናኙን ሴቴዋ መካከል ላይ ቀስ አድርጎ መቀባት።

ውሃም በጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይነካ ሥሩ ላይ ይፈሳል። የጠብታ መስኖ ላለው ሰው ይህ ችግር አይደለም። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ከቅጠሉ ጀርባ ስለሚደበቁ ቅጠሉን እየገለበጡ ማየት ያስፈልጋል፤ በሽታ የሚያዛምቱት እነሱ ናቸው።

ዝኩኒ ከተዘራ ከ45 እስከ 55 ቀን፣ አበባው ፍሬ ከያዘም በሳምንት ውስጥ ለመቆረጥ ይደርሳል። ግብፆች በሩዝ ሞልተው ማሕሺ የሚሠሩበት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለጋ ፍሬ ነው። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በቢላ ይቆረጥ፤ ተክሉ ላይ ያረጀ ፍሬ የሚቀጥለውን አበባ ያስቀራል። ፋሲካ በሚዘገይበት ዓመት የየካቲቱ ዝኩኒ ሁዳዴ ሳያልቅ ስለሚደርስ፣ በአንድ ቀን ፋሲካን ለሚያከብሩት ለኮፕቶችም ለእኛም የጾም ማዕድ ይሆናል።

ዱባው ሦስት፣ አራት ወር ይታገሡታል። ቅርፊቱ ጥፍር ካልበሳው፣ እጀታውም ደርቆ እንጨት ከመሰለ ደርሷል። ከእጀታው አራት ጣት ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ነው፤ እጀታው የተነቀለ ዱባ ቶሎ ይበሰብሳል። ጥላና ነፋሻ ቦታ ላይ ዐሥር ቀን ያህል ሲያርፍ ቁስሉ ይድናል፣ ቅርፊቱም ይጠነክራል። የዱባውን ዘር አጥቦ ማድረቅና መቁላት በሁለቱም አገር የታወቀ ነው፤ ካይሮ «ልብ» እያለች በየመንገዱ ትሸጠዋለች።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። ከየትም ከተለቀመ ዘር የበቀለ ዱባ ወይም ዝኩኒ ሲቀመስ ከመረረ አይበላ፤ ምሬቱ ሆድ የሚያውክ መርዝ ነው፣ በማብሰልም አይጠፋም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት የታሸገ ዘር ግዙ። አንድ የእስክንድራኒ ፓኬት፣ ሁለት ጆንያ ጠሚና አንድ ጆንያ ፍግ ለትንሽ መደብ ይበቃል፤ የካቲት ሳይወጣ ዝሩ።