ስለ ባክቴሪያ በሊታው ቫይረስና ለሕክምና ስለሚሰጠው አገልግሎት

ቫይረስ የተባለ ሁሉ የሰው ጠላት መስሎ ለሚታያቸው አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ወር ስለ አንድ ልዩ ወገን እንገልጻለን። ይኸውም ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ ግን ሊራባ የማይችል ቫይረስ ነው። በ1917 ዓ.ም. በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ባክቴሪዮፋጅ፣ ማለት ባክቴሪያ በሊታ ብሎ ሰየመው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከነዚሁ መካከል ኤም 13 የሚባለው እንደ ክር የቀጠነ ነው። በሊታ መባሉ እንኳ አይገባውም ነበር፤ ያደረበትን ባክቴሪያ ሳይገድል ከውስጡ እየወጣ ይበዛልና። ርዝመቱ 900 ናኖሜትር ያህል፣ ውፍረቱም 7 ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ገላውን 2,700 ያህል ተመሳሳይ የፕሮቲን ቅንጣቶች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይሸፍኑታል።

በ1985 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆርጅ ስሚዝ ክር መሰል በሆነ ፋጅ የዘር መልእክት ውስጥ ባዕድ ቁራጭ ቢጨምርበት፣ ቁራጩ ያዘዘው ፕሮቲን በቫይረሱ ገላ ላይ ተገለጠ። እንግሊዛዊው ግሪጎሪ ዊንተር ይኽን ዘዴ ገላችን በሽታን የሚከላከልባቸውን ፕሮቲኖች ለመምረጥ ተጠቀመበት። በዚሁ መንገድ የተገኘው አዳሊሙማብ የተባለው መድኃኒት በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሕክምና ተፈቀደ፤ ሁለቱም ሊቃውንት በ2018 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

የተጎዳን የገላ ክፍል መልሶ ለማብቀል ግን ሌላ ችግር አለ። ሕዋስ የሚጨብጠውን ካላገኘ አያድግም። በገላችን ውስጥ ሕዋሳት የሚይዙት መጨበጫ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ የተባሉ ሦስት ንጥረ ነገሮች በተርታ የተያያዙበት ነው። በ2009 ዓ.ም. በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይኽንኑ መጨበጫ በኤም 13 ቅርፊት ላይ አብቅለው፣ ክሮቹን ሸማኔ ድሩን እንደሚዘረጋ በአንድ አቅጣጫ ዘረጓቸው። በላያቸው የተዘሩት የነርቭ ዘር ሕዋሳትም የክሩን መሥመር ተከትለው ተዘረጉ።

ይኽ ሥራ ለሕሙማን የተፈቀደ ሕክምና ገና አልሆነም፤ ነርቩ የተቈረጠ ሰው ይኽንን ተስፋ አድርጎ ቀዶ ጥገናውን ሊያዘገይ አይገባም። ፋጁ የሚራባው ኢ. ኮላይ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ከባክቴሪያው ቅርፊት የሚቀረው መርዝ ተጣርቶ ካልወጣ ብርቱ ትኩሳት ያስነሣል። ከዚህም በላይ የገላችን መከላከያ ክሩን እንደ ባዕድ ቈጥሮ ሊያጠፋው ይነሣል።