የፖድካስት ድረ ገጽ ስለ አድማጩ የሚይዘው መዝገብ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ስንጫወት ከጓደኞቻችን አንዱ፥ «እኔ ፖድካስት ስሰማ ስሜን ለማንም አልሰጥም፥ ኢሜይሌንም አላስመዘግብም፤ ስለዚህ ምን እንደ ሰማሁ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» አለ። ለጊዜው ሁላችንም አመንነው። በኋላ ግን በፖድካስት ድረ ገጾች ግርጌ ስለ ግል መረጃ አጠባበቅ የሚጻፈውን ማስታወቂያ እያወጣን ስናነብ፥ ድምፁም ከተከማቸበት ቦታ ወደ ስልካችን የሚመጣበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ስንከታተል፥ የጓደኛችን አነጋገር እኩሌታው እውነት እኩሌታው ስሕተት ሆኖ አገኘነው። እውነቱ፥ ስሙን የጠየቀው አለመኖሩ ነው። ስሕተቱ ደግሞ፥ ሳይጠየቅ የሚሰጠው ነገር መኖሩን አለማወቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው።

አስቀድሞ ስለ ፖድካስት አሠራር በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 መጨረሻ ዴቭ ዋይነር የተባለው አሜሪካዊ የሶፍትዌር ሠሪ፥ አር ኤስ ኤስ በሚባለው የዜና ማሰራጫ ሥርዐት ውስጥ የድምፅ ፋይል አድራሻ የሚገባበትን ቦታ ጨመረ። ፖድካስት የሚለው ስም መሠረት የተገኘው በ2004 ቤን ሐመርስሊ ጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ካወጣው ጽሑፍ ነው። በ2005 አፕል በአይቲዩንስ ውስጥ ካስገባው በኋላ ነገሩ በዓለም ተስፋፋ።

ሥርዐቱ ቀላል ነው። አዘጋጁ ድምፁን በአንድ አከማች ድርጅት ሰርቨር ላይ ያኖራል፤ የየክፍሉን ርእስ፥ ቀንና የድምፁን አድራሻ የያዘ አንድ ዝርዝርም ያወጣል። የአድማጩ ስልክ ይህን ዝርዝር በየጊዜው እየሄደ ያያል፤ አዲስ ክፍል ሲያገኝ ድምፁን ይዞ ይመለሳል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፥ ላኪው ለተቀባዩ የሚልክ ሳይሆን ተቀባዩ ራሱ ሄዶ የሚያመጣ መሆኑን ነው። በኢሜይል የሚላክ ጽሑፍ የተቀባዮቹን ዝርዝር መያዝ ግድ ይሆንበታል፤ ፖድካስት ግን ከአዟሪ እጅ ጋዜጣ እንደ መግዛት ነው፤ ሒሳቡን ከፍሎ የሚሄደውን ሰው ስምህ ማን ነው ብሎ የሚይዘው የለም። ስለሆነም ፖድካስት በመሠረቱ ከብዙዎቹ የኢንተርኔት ሥራዎች ይልቅ የአድማጩን ምስጢር የሚያከብር ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ነገር ግን ሄዶ የሚያመጣ ሰው ዱካ ሳይተው አይመለስም። ስልኩ ድምፁን ሲጠይቅ፥ መልሱ ወዴት እንደሚላክ ለማሳወቅ አይ ፒ የሚባለውን የኢንተርኔት አድራሻውን መናገር አለበት። ከዚህም ጋር የመተግበሪያው ስምና ብዙ ጊዜም የስልኩ ዐይነት ይነገራል። ሰርቨሩ ይህን ሁሉ በአንድ መሥመር ይመዘግበዋል። መሥመሩ ወደ አማርኛ ቢገለበጥ እንዲህ ያለ ይሆናል፦ «ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፤ አድራሻ 203.0.113.25፤ የአፕል ፖድካስት መተግበሪያ በአይፎን፤ ክፍል 14ን ሙሉውን ወሰደ»። (ቁጥሩ ለምሳሌ እንዲያገለግል ብቻ የተመደበ ስለሆነ የማንም አይደለም።) በመሥመሩ ውስጥ ስም የለበትም። ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ከተማውን መገመት ይቻላል፤ የኢንተርኔቱን አገልግሎት የሰጠው ድርጅት ደግሞ በዚያ ሰዓት ቁጥሩን ይዞ የነበረው ደንበኛ ማን እንደ ሆነ ከራሱ መዝገብ ሊያገኝ ይችላል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቁጥር የግል መረጃ ነው ወይስ አይደለም? ይህ ጥያቄ በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ታይቷል። ፓትሪክ ብራየር የተባለው ጀርመናዊ የፖለቲካ ሰው፥ የጀርመን ፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾቻቸውን የጐበኘውን ሰው አድራሻ በመዝገብ ስለሚያቆዩ መንግሥቱን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 19 ቀን 2016 በሰጠው ፍርድ፥ የድረ ገጹ ባለቤት ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ተጨማሪ መረጃ አግኝቶ ሰውዬውን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችለው ሕጋዊ መንገድ ካለው፥ በየጊዜው የሚለዋወጠው የአይ ፒ አድራሻ እንኳ ለእርሱ የግል መረጃ ነው አለ። ስሙ በሁለተኛ ሰው እጅ መገኘቱ ቁጥሩን ስም አልባ አያደርገውም ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ፍርድ ነው፤ የጓደኛችንንም አነጋገር የሚያፈርሰው እርሱው ነው።

አንዳንድ ሰው፥ መዝገቡ ለቴክኒክ ሥራ የተያዘ ከሆነ ምን ጉዳት አለው ይል ይሆናል። በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፥ በየመጽሐፉ የኋላ ልባድ የተዋሰው ተማሪ ስም የሚጻፍበት ካርድ ነበረ። ካርዱ የተሠራው መጽሐፉ እንዳይጠፋ ነው። እኛ ተማሪዎቹ ግን ማን ምን እንዳነበበ እናይበት ነበር፤ ስለ ሃይማኖት ጥርጣሬ የሚናገር መጽሐፍ የተዋሰ አንድ ልጅም እስኪያፍር ድረስ ተቀልዶበታል። አንድ መዝገብ ለአንድ ነገር ተይዞ ለሌላ ነገር ሲያገለግል የምናየው በዚህ ዐይነት ነው። በፖድካስትም መዝገብ የደረሰው ይኸው ነው።

መዝገቡ መጀመሪያ ያገለገለው ሰርቨሩ መሥራቱን ለማወቅ ነበር። ቀጥሎ ለቈጠራ ዋለ። ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴ ስንት ሰው እንደ ሰማ ማወቅ ይፈልጋል፤ ድምፁ ተወስዶ በስልክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ግን አከማቹ የሚያውቀው መወሰዱን እንጂ መሰማቱን አይደለም። (የት ላይ እንደ ቆመና የቱን እንደ ዘለለ ሊያውቅ የሚችለው የማዳመጫው መተግበሪያ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ ስፖቲፋይና አፕል ከአዘጋጁ ይልቅ ስለ አድማጩ የሚያውቁት ይበልጣል።) ስለዚህ አይ ኤ ቢ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅቶች ማኅበር የቴክኒክ ክፍል የቈጠራ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ቢያንስ የአንድ ደቂቃ ድምፅ የሚያህል ፋይል ካልተወሰደ አይቈጠርም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ አድራሻና ከአንድ ዐይነት መተግበሪያ የመጣ ተደጋጋሚ ጥያቄም እንደ አንድ ይቈጠራል። በዚህ ስሌት፥ በአንድ የኢንተርኔት መሥመር የሚጠቀም የተማሪዎች መኝታ ቤት በሙሉ አንድ አድማጭ ሆኖ ሊቈጠር ይችላል። በሞባይል መረብም ብዙ ስልኮች አንድ የውጭ አድራሻ መጋራታቸው የተለመደ ነው። ይህ ለቈጣሪው ጕድለት ነው፤ ለአድማጩ ግን በሰው መካከል እንደ መሰወር ስለሚሆን ጥቅም አለው።

ሦስተኛው አገልግሎት ከሁሉ የሚያሳስበው ነው። በዛሬ ጊዜ ብዙ ፖድካስቶች ውስጥ ማስታወቂያው በድምፁ ላይ አስቀድሞ የተቀዳ አይደለም፤ ስልኩ ድምፁን በጠየቀበት ቅጽበት አድራሻው ታይቶ፥ ለስቶክሆልም ሌላ ለዋሽንግተን ሌላ ሆኖ ይሰፋበታል። ከዚህም በላይ የሚሄድ አለ። የድምፁ አድራሻ ፊት ለፊቱ የሌላ ድርጅት አድራሻ ይቀጠልበታል፤ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ቈጣሪው ድርጅት ይደርስና ከዚያ ወደ አከማቹ ይመለሳል። አድማጩ በዚህ ሲያልፍ አንዳች ነገር አያይም፤ ድምፁም አይዘገይበትም። ከዚያ የማስታወቂያው ባለቤት ነጋዴ በራሱ ድረ ገጽ ላይ የቈጣሪውን ምልክት ያኖራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ከዚያው አድራሻ አንድ ሰው ወደ ነጋዴው ድረ ገጽ ቢገባ፥ ሁለቱ መዝገቦች ይነጻጸሩና «ማስታወቂያውን የሰማው ቤት መጣ» ይባላል። ቻርተብልና ፖድሳይትስ የተባሉት ድርጅቶች ይህን ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱንም በ2022 ስፖቲፋይ ገዛቸው፥ ቻርተብልም በ2024 መጨረሻ ተዘጋ። ሥራው ግን በሌሎች እጅ ቀጥሏል።

እንግዲህ አንድ ሰው ከወላጆቹና ከወንድሞቹ ጋር በሚኖርበት ቤት ሆኖ፥ ለማንም ሳይናገር ስለ አእምሮ ሕመም ወይም ሃይማኖትን ስለ መለወጥ የሚናገር ፖድካስት ይሰማል እንበል። ስሙን የሚያውቅ የለም። የቤቱ አድራሻ ግን ከርእሱ ጋር ተጣምሮ በአከማቹና በቈጣሪው ዘንድ ተጽፏል፤ ርእሱ ራሱ ብዙ ይናገራልና። በዚያ አድራሻ ላይ ተመሥርቶ የሚመጣው ማስታወቂያም በዚያው መሥመር በሚጠቀሙት በእኅቱና በአባቱ ስልክ ላይ ሊታይ ይችላል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። ያነበብናቸው አብዛኞቹ የግል መረጃ ማስታወቂያዎች ስለ ድረ ገጹ በሰፊው ይናገራሉ፤ ኩኪ የሚባለው ምልክት ምን እንደ ሆነ፥ ለወሬ መላኪያ የተሰጠ ኢሜይል ለሌላ እንደማይሸጥ፥ ገንዘብ የሚረዳ ሰው የካርዱን ቁጥር ለከፋይ ድርጅቱ እንጂ ለአዘጋጁ እንደማይሰጥ ይገልጻሉ። የሚናገሩት ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን በስልኩ መተግበሪያ የሚሰማ አድማጭ ድረ ገጹን አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍት ዓመት ሊሰማ ይችላል፤ እርሱን የሚመለከተው መዝገብ ያለው በድምፁ መንገድ ላይ ነው። ስለዚያ መንገድ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ ወይም «የቴክኒክ መረጃ ልንሰበስብ እንችላለን» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ይህ ሁልጊዜ ከተንኰል የመጣ ነው አንልም፤ አዘጋጁ ራሱ አከማቹ ምን እንደሚይዝ አለማወቁ ብዙ ጊዜ ይሆናል።

አንዳንዱ ደግሞ «አድራሻውን ወደማይታወቅ ምልክት እንለውጣለን» ይላል። ቁጥሩን በሒሳብ ቀመር ወደ ረዥም የፊደላትና የአኃዞች ድርድር ይለውጡታል፤ ድርድሩን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ይባላል። ነገር ግን በአሮጌው ሥርዐት ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች ሁሉ 4,294,967,296 ብቻ ናቸው። ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉንም በተራ አስልቶ ከድርድሩ ጋር ቢያስተያይ፥ ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች ብዙ ሳይደክም ያገኘዋል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚለወጥና በኋላ የሚጠፋ ምስጢራዊ ቃል መጨመር ወይም የአድራሻውን የመጨረሻ ክፍል ቈርጦ መጣል ነው። ሁለተኛው ከተማውን ለመገመት ያኽል ያስቀራል፤ ቤቱን ግን ይሰውራል። ማስታወቂያው ይህን ልዩነት ካልገለጸ፥ «እንለውጣለን» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አያጽናናም።

ገንዘብ ለሚከፍሉ አድማጮች የሚሰጠው የግል ዝርዝር ከዚህ የተለየ ነው። በፔትሪዮን እንደሚደረገው ለእያንዳንዱ ከፋይ የራሱ የሆነ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ እዚያ የሚመዘገበው ከስሙና ከክፍያው ጋር የተያያዘ ነው። አዘጋጁም ራሱ ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ባለቤትነቱን ለማረጋገጥ የሚያስገባው ኢሜይል ማንም ሊያነበው በሚችለው ዝርዝር ውስጥ ሊጻፍ ስለሚችል፥ የግል ኢሜይሉን ለዚህ ሥራ ባያውል ይሻለዋል።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ይሠራበታል። ደንቡ በኅብረቱ አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች አገልግሎት የሚያቀርበውን በውጭ አገር ያለ ድርጅትም ይይዛል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን በአማርኛ የሚዘጋጅ ፖድካስት፥ በስዊድንና በጀርመን ያሉትን ወገኖቻችንን አስቦ የሚያሰራጭ ከሆነ ነገሩ አይመለከተኝም ማለት አይችልም። በጁን 2023 የስዊድን የግል መረጃ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስፖቲፋይን 58 ሚሊዮን ክሮነር ቀጥቶታል። ስፖቲፋይ ለጠየቁት ሰዎች መረጃቸውን ይሰጥ ነበር፤ ጥፋቱ መረጃው እንዴት እንደሚሠራበት በሚገባ ግልጽ አድርጎ አለመንገሩ ነው። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት ይጠብቃል፤ የግል መረጃን ስለ መጠበቅም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቈጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን ስንነግረው፥ «እንግዲያውስ አከማቹን መዝገቤን አሳየኝ ብዬ እጽፍለታለሁ» አለ። በአውሮፓው ደንብ አንቀጽ 15 እንዲህ ያለ መብት አለ። አከማቹ ግን ስሙን አያውቅምና፥ የትኛው መሥመር የእርሱ እንደ ሆነ ለማወቅ በየትኛው ሰዓት የትኛውን አድራሻ ይዞ እንደ ነበረ ጠያቂው ራሱ ማስረዳት ይኖርበታል። አንቀጽ 11 ደግሞ፥ መዝገብ ያዡ ሰውዬውን ለመለየት ብቻ ሲል ተጨማሪ መረጃ እንዲሰበስብ አይገደድም ይላል። ጓደኛችን የሚሰማው በሞባይል ነው፤ አድራሻውን ከስንት ሰው ጋር እንደሚጋራ አያውቅም፥ ባለፈው ወር የትኛውን ይዞ እንደ ነበረም የጻፈው የለም። ያንን የሚያውቀው የስልክ ድርጅቱ ብቻ ነው።