ስለ ማደንዘዣ ሐኪም የመጀመሪያ ሥራ

ትምህርት የሚፈጸመው የምስክር ወረቀት በተቀበሉበት ዕለት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ዕውቀት ሁሉ የሚፈተነው ተማሪው ከመምህሩ ተለይቶ ብቻውን በቆመበት ስፍራ ነው። በቤተ ልሔም ድጓ ዘልቆ የተመሰከረለት ሊቅ መጽሐፍ በሌለበትና ደቀ መዝሙር በማይገኝበት ደብር ቢመደብ፥ የብዙ ዘመን ድካሙ ባክኖ ዜማው ከአፉ እየጠፋ ይሄዳል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረውም ይህን ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም የማደንዘዣ ሕክምና ትምህርቱን የፈጸመ ሐኪም የመጀመሪያ ሥራውን እንዴት ሊመርጥ፥ ሥራ ሰጪውም እንዴት ሊቀበለው እንደሚገባ ነው።

ይህ ሙያ በዓለም ከታወቀ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዓ.ም. ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፥ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፥ ለአንድ በሽተኛ ኤተር አሽትቶ አስተኛውና በብዙ ሐኪሞች ፊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በማግሥቱ ዓመት በስኮትላንድ ጄምስ ያንግ ሲምሶን ለሚያምጡ ሴቶች ክሎሮፎርም መስጠት በጀመረ ጊዜ፥ ምጥ ከእግዚአብሔር የታዘዘ ነውና አይገባም የሚል ነቀፋ ገጠመው። እርሱም ኦሪት ዘፍጥረትን ጠቅሶ፥ እግዚአብሔር ሔዋንን ከአዳም ጎን ሲፈጥር አስቀድሞ በአዳም ላይ ከባድ እንቅልፍ እንደ ጣለ በማስታወስ መለሰላቸው።

አንዳንድ ሰው የዚህ ሐኪም ሥራ በመርፌ ወግቶ ማስተኛት ብቻ ይመስለዋል። ማስተኛቱስ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ትልቁ ነገር የተኛውን ጠብቆ በደኅና ማንቃት ነው። ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት የተሰጠው በሽተኛ በራሱ መተንፈስ አይችልምና ሐኪሙ ይተነፍስለታል፤ ደሙ ሲፈስ ይተካለታል፤ የልቡን ምት፥ የደሙን ግፊት ያለ ዕረፍት ይመለከታል። አንጎል ጥቂት ደቂቃ ኦክስጅን ቢያጣ የሚደርሰው ጉዳት አይመለስም። እንግዲህ ተማሪ ሳለ በዚህ ጭንቅ ሰዓት መምህሩን ይጠራ ነበር፤ በመጀመሪያ ሥራው ግን የሚጠራው እርሱ ነው።

ስለዚህ የሙያ ፈቃዱን አውጥቶ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የደመወዙን ልክ ብቻ አይመልከት። ደመወዝ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ቤተ ሰብን የሚያኖር ነውና። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ስፍራውን ሳያይ ውል የሚፈርም ሰው ኋላ ይጸጸታል። እንግዲያስ ወደ ሆስፒታሉ ራሱ ሄዶ፥ ቢሻል አንድ ሌሊት አድሮ፥ እነዚህን ነገሮች ይመርምር።

አንደኛ፥ በችግር ሰዓት የሚመክረውና ሲደክም የሚተካው ሌላ የሙያው ሰው አለን? ሁለተኛ፥ ኦክስጅን ሳይቋረጥ ይገኛልን? በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያስ በየቀዶ ጥገናው ክፍል አለን? የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የቀዶ ጥገና መጠንቀቂያ ዝርዝር፥ በሽተኛው ከመደንዘዙ በፊት ይህ መሣሪያ ተሰክቶ መሥራቱ እንዲረጋገጥ አዟል። ሦስተኛ፥ ከቀዶ ጥገና የወጣ በሽተኛ እስኪነቃ የሚጠበቅበት ክፍል፥ ለጽኑ ሕሙማንም የተለየ ስፍራ፥ የደም ክምችትም አለን? አራተኛ፥ በወር ስንት ሌሊት ተረኛ ይሆናል? አምስተኛ፥ ውሉ ለስንት ዓመት ያስራል፥ የተረኝነቱ ክፍያና የመኖሪያው ነገርስ በጽሑፍ ሰፍሯልን?

ደግሞም በአገራችን በየሆስፒታሉ አብዛኛውን በሽተኛ የሚያደነዝዙት ሐኪም ያልሆኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች መሆናቸውን አይርሳ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ሌሊት ያለ ረዳት የቆሙ ናቸው። አዲሱ ሐኪም ማዕርጉን አስቀድሞ ቢንቃቸው ሥራው ይሰናከላል፤ ትሑት ሆኖ ቢጠይቃቸውና የሚያውቀውን ቢያካፍላቸው ግን፥ እርሱ ያገሩን ሁኔታ ይማራል፥ እነርሱም በከባዱ በሽተኛ ላይ መካሪ ያገኛሉ።

ከዚህ በኋላ ቃላችንን ወደ ሹማምንቱ እናዞራለን። የዓለም የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የማደንዘዣ ሐኪሞች እንዲኖሩ ይመክራል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ኢትዮጵያ ይህ ከ5,000 በላይ ማለት ነው፤ እኛም ከዚህ ልክ እጅግ የራቅን ነን። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቀዶ ጥገናና የማደንዘዣ ሕክምና ለሕዝብ እንዲዳረስ ከ2016 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) የሚሠራበት ብሔራዊ ዕቅድ ማውጣቱ የሚመሰገን ነው። ዕቅድ ግን ሰው በተገቢው ስፍራ ካልቆመበት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሐኪም እጅግ በሚያንስበት አገር፥ መደብ አልተከፈተም ወይም በጀት አልተያዘም ተብሎ የተማረው ሰው ደጅ ቢጠና፥ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ምጥ ጠንቶባት ቀዶ ጥገና የምትጠብቀውም እናት አብራ ትጎዳለች።

በምደባም ረገድ አንድ ነገር እንናገራለን። ሁለት ሐኪሞች ቢገኙ ለሁለት ሆስፒታሎች አንድ አንድ ማካፈል ፍትሕ ይመስላል። ሥራው ግን ሌላ ያስተምረናል። ብቻውን የተመደበው ሐኪም በወሩ 30 ሌሊት ሁሉ ተጠሪ ነው፤ ቢታመም የሚተካው፥ ቢሳሳት የሚያርመው የለም፤ ጥቂት ቆይቶ ደክሞ ይለቅቃል፥ ሁለቱም ሆስፒታሎች እንደ ቀድሞው ባዶ ይሆናሉ። ሁለቱ በአንድ ስፍራ ቢመደቡ ግን ለእያንዳንዳቸው 15 ሌሊት ይሆናል፤ ይመካከራሉ፥ ይቆያሉ፥ ሌሎችንም ለማስተማር ጊዜ ያገኛሉ፤ ወደ ሁለተኛውም ሆስፒታል የሚላኩት ከዚያ ይወጣሉ። እስከዚያው የሁለተኛው ሆስፒታል ሕዝብ እንዳይጎዳ፥ ከባዱን በሽተኛ ወደ መጀመሪያው የሚያደርስ መኪናና መንገድ ማዘጋጀት የሹሙ ግዴታ ነው። ሌላውም ግዴታ ሐኪሙን ከመጥራት አስቀድሞ ኦክስጅኑን፥ መሣሪያውን፥ መድኃኒቱንና ማደሪያውን ማሰናዳት ነው፤ እንግዳ ሳይመጣ ቤት ይጠረጋልና።

ወጣቱ ሐኪም ስፍራውን መርምሮ ይምረጥ፥ ከመረጠም በኋላ በትዕግሥት ይቁም። ሹሙም የተማረውን ሰው ቁጥሩን ለመሙላት ብቻ አይቀበለው፤ የሚሠራበትን ይስጠው። ተኝቶ ሕይወቱን ለሌላ ሰው እጅ አደራ የሰጠ በሽተኛ ስለ ራሱ መናገር አይችልም፤ ስለ እርሱ ሊናገሩና ሊያስቡ የሚገባቸው ነቅተው ያሉት ናቸው። ይህን አደራ ለመጠበቅ እግዚአብሔር ሁላችንን ይርዳን።