የቾሰር አዳሾች

ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1700 «ጥንታዊና ዘመናዊ ተረቶች» የተባለውን ዳጎስ ያለ የግጥም መጽሐፉን ለንደን ላይ ሲያሳትም ዕድሜው ስልሳ ስምንት ደርሶ ነበር። ካቶሊክ ስለነበር ከ1688ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የቤተ መንግሥት ባለቅኔነቱን ተነጥቆ በብዕሩ ነበር የሚያድረው። አሳታሚው ጄኮብ ቶንሰን ለ10,000 ስንኝ 250 ጊኒ ሊከፍለው ተዋውሏል። በመጽሐፉ ሆሜር፣ ኦቪድና ቦካቺዮ አሉ፤ እነዚህን ለእንግሊዝ አንባቢ መተርጎም ያለ ነው። አጠገባቸው ተተርጉሞ የተቀመጠው ጄፍሪ ቾሰር ግን የአገር ልጅ ነው፣ ያውም ከሞተ ገና 300 ዓመቱ።

ቾሰር በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ወደ ቅዱስ ቶማስ ቤኬት መቃብር የሚሄዱ ተሳላሚዎችን ከቴምዝ ማዶ አንድ ማረፊያ ቤት ያገናኛቸዋል። መንገዱ እንዳይሰለቻቸው በየተራ ተረት ሊያወሩ፣ ያሸነፈም እራት ሊጋበዝ ይስማማሉ።

ታዲያ አገሬው ይህን ማንበብ ለምን አቃተው? የእንግሊዝኛ አነባበብ በመሀሉ ተገለባብጦ ነው። ዛሬ «ኔም» የሚባለው ቃል በቾሰር ዘመን «ናመ» ተብሎ በሁለት ቀለም ይነበብ ነበር። የመጨረሻዋ ደካማ ድምፅ ስትጠፋ የስንኙም ልክ አብሮ ጎደለ። ድራይደን ይህን አላወቀም። ቢቆጥር ቢቆጥር ስንኙ እየጎደለበት፣ ቾሰር ድንቅ ተራኪ ቢሆንም ግጥም ገና ባልሠለጠነበት ዘመን የኖረ ነው ብሎ ደመደመ። ቀደም ሲል የቾሰርን ሥራዎች ያሳተመ ሰው ጉድለቱ የጆሯችን ነው ቢልም አልተቀበለውም። የቆጠራውን ምስጢር ምሁሩ ቶማስ ቲሪት የፈታው በ1775 ነው። እኔ ግን ስሕተቱ በጅቶታል ባይ ነኝ፤ ስንኙ የተሰበረ ባይመስለው ኖሮ ሊነካው ባልደፈረ።

የደፈረውም ሁሉን አይደለም። ከተሳላሚዎቹ አንዷ፣ የባዝ ከተማዋ ሴት፣ አምስት ባል ያገባች ናት። አምስተኛው ባሏ ስለ ክፉ ሚስቶች የተጻፈ መጽሐፍ ማታ ማታ እያነበበ ሲያንገበግባት፣ አንድ ቀን ገጹን ቦጭቃ ጣለችበት። እሱም በቡጢ ሲላት አንድ ጆሮዋ ደነቆረ። ይህን ሁሉ የምትዘረግፈው ከተረቷ በፊት ባለው ረጅም መግቢያ ነው። ድራይደን መግቢያውን ባለጌ ነው ብሎ ትቶ ተረቷን ብቻ ወሰደ። መግቢያውን ያነሳው ወጣቱ ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ ነው፤ እሱም ግማሽ ያህሉን ቆርጦ፣ አፏን አርሞ።

ዛሬ የሚያድሱት ለጨዋነት ብዙም አይጨነቁም። የናይጄሪያውያን ልጅ የሆነችው ለንደን የተወለደችው ገጣሚ ፔሸንስ አግባቢ በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ ተሳላሚዎቹን አውቶቡስ ላይ አሳፍራ፣ የባዟን ሴት ናይጄሪያዊት ነጋዴ አድርጋታለች። ደራሲዋ ዘይዲ ስሚዝ ደግሞ በ2021 በግጥም ተውኔት ጽፋ ለንደን ኪልበርን በሚገኘው ኪልን ቴአትር መድረክ ላይ አዋለችው። ሴትዮዋ አልቪታ የምትባል፣ ጃማይካ የተወለደች የለንደን ነዋሪ ሆናለች፤ ተረቷም ከንጉሥ አርተር አደባባይ ወደ ጃማይካ ተሻግሯል። ድራይደን የሸሸው መግቢያ የተውኔቱን ትልቁን ክፍል ይዟል።